በሰርክና በንዋም መካከል

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በደቡብ ሱዳን፣ በባሪ ሕዝብ ምድር በጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ ሐበሾች በጋራ በተከራዩት ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል። አንደኛዋ በከተማው ለዓመታት የሠሩ ነርስ ናቸው፤ ግቢው በሙሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ሌላው ከናይል ውሃ እየቀዳ ለየቤቱ የሚያድል የቦቴ ሹፌር፣ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል። «ና እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጥ» ብለው የጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሲስተር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?

ሹፌሩ፦ ምን ልበልዎት ሲስተር፣ ሁለት ወር ሳይሞላው አይቀርም። ሌሊት 11 ሰዓት ወንዝ ዳር ወረፋ መያዝ አለብኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አይመጣም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ክፉ ነገር ሊደርስ ነበር። ቦቴው ሙሉ ነው። ዓይኔን የጨፈንኩ አልመሰለኝም። ብንን ስል ከመንገዱ ወጥቼ የአንዲት ሻይ ሻጭ ወንበሮች ፊት ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ ብርጭቆ እንደያዘች ታየኛለች፤ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። በመካከላችን የቀረው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው።

ሲስተር፦ እግዚአብሔር አውጥቶሃል፤ እሷንም አንተንም። ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ ከያዘህ መኪናውን ዳር አቁመህ ሃያ ደቂቃ ተኛ። ደንበኛው ይቆጣ፤ የሰው ነፍስ አይመለስም። አሁን ደግሞ ትናንት ማታ ያደረግከውን ከገባህበት ሰዓት ጀምረህ አንድ በአንድ ንገረኝ።

ሹፌሩ፦ 12 ሰዓት ላይ ገባሁ። 1 ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ቡና አፈሉ፤ አቦልም ቶናም በረካም ጠጣሁ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ብቻዬን ነኝ፤ ከሰው ጋር የማወራው ያኔ ነው። ከዚያ ራት በላሁ። 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። የአገር ቤት ወሬ ነው፤ የት ተኩስ አለ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ። 5 ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ ፋኑ ቆመ። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ነው የሚተፋው። ከዚያ በኋላ መገላበጥ ነው።

ሲስተር፦ አገር ቤትስ? ልጅ ሳለህ ማታው እንዴት ነበር?

ሹፌሩ፦ ከብቱ ይገባል፣ በረቱ ይዘጋል። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ እህቴ ውሃ ለብ አድርጋ እግሩን ታጥበዋለች። ራት ይቀርባል። አባቴ ጸሎቱን ያደርሳል፤ እኛ ዝም እንላለን። ኩራዙ እፍ ይባላል። እንዴት እንደምንተኛ እንኳ አናውቀውም ነበር።

ሲስተር፦ አየህ ልጄ፣ ያን ማታ አንተ አልሠራኸውም። ሌሎች ሠርተው ነው ያቆዩህ። በረቱ ሲዘጋ፣ ውሃው ሲሞቅ፣ ኩራዙ ሲጠፋ፣ እያንዳንዱ ለሰውነትህ «ቀኑ አበቃ» ይለው ነበር። ስደት ምን ወሰደብህ ቢሉህ እናቴን፣ አገሬን፣ ወዳጆቼን ትላለህ። ማታዬንም ወስዶብኛል የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። እዚህ በረት የሚዘጋልህ የለም፤ ሞተሩ እስኪጠፋ ቀኑ አያልቅም። ስለዚህ ያን ማታ በገዛ እጅህ መልሰህ መሥራት ይኖርብሃል።

ሹፌሩ፦ በጊዜ ቤት መግባት ማለት ነው?

ሲስተር፦ ቤት መግባት ብቻውን ማታ አይሆንም። በጥር 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የሰዓት እላፊ ታውጆ አልነበር? ጁባ በሙሉ በጊዜ ገባች። አንተስ ተኛህ?

ሹፌሩ፦ ኧረ ምን ተኝቼ! እስኪነጋ ስልክ ላይ ነበርኩ።

ሲስተር፦ በሩ ተዘግቷል፣ ቀኑ ግን አልተዘጋም። እስቲ የቤተ ክርስቲያኑን የጸሎት ሰዓቶች ቁጠርልኝ።

ሹፌሩ፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሰባት።

ሲስተር፦ አባቶች ለምሽት አንድ ጸሎት ብቻ አልሠሩም። ሰርክ አለ፤ ሥራ የሚያበቃበት፣ ፀሐይ የምትገባበት። ንዋም አለ፤ ስሙም መኝታ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ጊዜ አለ። አንተ ከሰርክ በቀጥታ ንዋም ልትገባ ትፈልጋለህ፤ ከመሪው ወደ ትራስ። ቦቴ እንኳ ፍሬን ስትይዝ ወዲያው አይቆምም፣ ያውም ውሃ ተሸክሞ። እኔ የምነግርህ ሁሉ በእነዚያ በሁለቱ መካከል ስላለው ጊዜ ነው።

ሹፌሩ፦ ከየት ልጀምር?

ሲስተር፦ ከሰዓቱ። ደቡብ ሱዳን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰችው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ታስታውሳለህ?

ሹፌሩ፦ ጥር 2013 ዓ.ም.። እንዴት ይረሳኛል፣ ከአገር ቤት ጋር ሰዓታችን የተለያየው ያኔ ነው።

ሲስተር፦ ጥር 24 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጁባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ገደማ ነው። 1 ሰዓት ብለን መቁጠር የምንጀምረው ልክ ሲመሽ ነው። ለእኛ ማታ የቀን ጅራት ሳይሆን የሌሊት ራስ ነው፤ በዓልም ከዋዜማው ይጀምራል። ስለዚህ ለማታ የተረፈህን ሰዓት አትስጠው፤ መጀመሪያውን ስጠው። ሁለተኛ ነገር፣ አንተ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስትደውል እናትህ ጋ ስንት ሰዓት ነው?

ሹፌሩ፦ 4 ሰዓት ተኩል።

ሲስተር፦ እሳቸው በስንት ሰዓት ይተኛሉ?

ሹፌሩ፦ ወትሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር... እየጠበቀችኝ ነው ማለት ነው? ኔትወርኩ እየመጣ ስለሚሄድ ስልኩን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች ብሎኛል ወንድሜ። እኔ ግን ይሄን አላሰብኩትም። እንቅልፏን የምነሳት እኔ ነኛ!

ሲስተር፦ አትዘን፤ ነገ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ደውልላቸው። እዚያ 1 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የምትሰማውም ክፉ ወሬ ቢሆን፣ ከመኝታህ በፊት የምታስታምምበት ከሦስት ሰዓት በላይ ይኖርሃል። ወሬ ማየት ካለብህም ከዚያው አያይዘህ እይና ዝጋው። ክፉ ወሬ ማታ 12 ሰዓት ላይም ሌሊት 6 ሰዓት ላይም ያው ነው፤ ሌሊት ላይ ግን የምትደውልለት ሰው የለም፣ የምታደርገው ነገር የለም። ይዘኸው መገላበጥ ብቻ ነው።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ ቡናውስ? ቡናውን ተው እንዳይሉኝ ብቻ።

ሲስተር፦ ቡናውን ተው እንጂ ቡና ላይ መቀመጡን አልከለከልኩህም! ማለቴ፣ እዚያ ቁጭ በል፣ ቆሎውን ብላ፣ ዕጣኑን አሽትት፣ አውራ። በሲኒው ግን ከርከዴ ቅዳ። ኮኞ ኮኞ ገበያ ሞልቶልሃል፤ ካፌይን የለውም። ሰውነትህ የጠጣኸውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 1 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ቡና እኩሌታው 6 ሰዓት ሌሊት ላይ አብሮህ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንኳ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አቦልህን ጠዋት ጠጣ፣ ቶናህን ከምሳ በፊት። የሚያሳርፍህ ሰዉ ነው፤ ሰዉን አልነካሁብህም።

ሹፌሩ፦ ጓደኞቼ ቢራ ይላሉ። ሁለት ጠርሙስ ያስተኛል ይላሉ።

ሲስተር፦ ያስተኛል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ደግሞ ይቀሰቅሳል። ከመድኃኒት መደብር ገዝተህ የምትውጠውን የእንቅልፍ ክኒንም ሐኪም ሳያይህ እንዳትሞክረው፤ በተለይ አንተ፣ ጎህ ሳይቀድ መሪ የምትይዝ ሰው።

ሹፌሩ፦ ይሁን። ሐሳቡን ግን ምን አደርገዋለሁ? ትራስ ላይ ራሴን ሳሳርፍ ነው ሁሉም ተሰልፎ የሚመጣው። የመኪናው ዘይት፣ የቤት ኪራይ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ መንገዱ።

ሲስተር፦ አንድ ነገር ላጫውትህ። ሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ተኩሱ ሲጀመር እዚሁ ጁባ ነበርኩ። አራት ቀን ቆየ። ካቆመ በኋላ ለወራት ጫማዬን አድርጌ ነበር የምተኛው። ማሰሪያው የታሰረ ሙሉ ጫማ፣ በአንሶላ ውስጥ። ሰውነቴ «ልትሮጪ ነው» እያለ እንዴት ይተኛል? ፍርሃቱን ላባርረው ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። አንድ ማታ ጫማውን ፈታሁና በሩ ሥር አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ አስቀመጥኩት። ፓስፖርቴን፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና የእጅ ባትሪ በቦርሳ አድርጌ ከጎኑ አኖርኩ። ከዚያ በባዶ እግሬ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ሲሚንቶው ሲቀዘቅዘኝ ትዝ ይለኛል። ያን ሌሊት ተኛሁ። ፍርሃቴ አልጠፋም ልጄ፤ ቦታ ነው የሰጠሁት። ቦታው በሩ ሥር ነው፣ አልጋዬ ላይ አይደለም።

ሹፌሩ፦ የእኔ ሐሳብ ጫማ የለውም ሲስተር።

ሲስተር፦ ደብተር አለው። የደንበኞችህን ዕዳ የምትጽፍበት ደብተር መኪናው ውስጥ የለም? 2 ሰዓት ላይ አውጣው። አምስት ደቂቃ ነገ የምትሠራውን ጻፍ፤ «ጎማ ይታይ፣ ዘይት ይለወጥ፣ ለእናቴ ብር ይላክ» እያልክ። በአሜሪካ ቴክሳስ የሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በ57 ወጣቶች ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አውጥቷል። ከመኝታ በፊት የነገ ሥራቸውን የጻፉት፣ የሠሩትን ሥራ ከጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ። በዝርዝር የጻፉትም ይበልጥ ቀደሙ። የተጻፈ ነገር እንዳይረሳ መጠበቅ የለብህም፤ ደብተሩ ይጠብቅልሃል። መፍትሔ የሌለውንም ጻፈው። «መንገዱ» ብለህ ጻፍና ደብተሩን መኪናው ውስጥ መልሰው። ስልክህንም ከክፍልህ አውጥተህ ቻርጅ አድርገው።

ሹፌሩ፦ ደወሉስ? በምን እነሣለሁ?

ሲስተር፦ የቆየች ቁልፍ ያላት ስልክ የለህም? ደወል ብቻ የምትሆን፣ ወሬ የማታመጣ።

ሹፌሩ፦ አለችኝ። ሙቀቱስ?

ሲስተር፦ ሙቀቱን አልንቀውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. 45 ዲግሪ ሊደርስ ነው ተብሎ ትምህርት ቤቶች እስከ መዘጋት የደረሱበት አገር ነው። ሰውነት እንዲተኛ ውስጡ በረድ ማለት አለበት፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ደግሞ በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። የአባትህን እግር አስታውስ። ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ቆዳው ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የእግር መሞቅ ፈጥኖ ለመተኛት ዋነኛ ምልክት መሆኑን አሳይተዋል። እህትህ ሳይንሱን ሳታውቅ ሥራውን ታውቀው ነበር። አንተ ግን አጣቢ አትጠብቅ፤ ራስህ ታጠብ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ከሆነ ምንጣፍህንና አጎበርህን እዚህ ማንጎው ሥር አውጣ። አጎበሩን ግን ለአንድ ሌሊት እንኳ እንዳትተወው፤ ወባ ሲይዝህ ይሄ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው።

ሹፌሩ፦ ይህን ሁሉ አድርጌ ባይመጣስ?

ሲስተር፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይመጣም፤ አስቀድሜ ልንገርህ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖህ ካልተኛህ ተነሣ። ሰዓት አትቁጠር፤ ደብዛዛ ቦታ ተቀመጥ። እንቅልፍ ሲጎትትህ ተመለስ። አልጋህ የምትገላበጥበት ቦታ መሆኑን ሰውነትህ ለምዷል፤ እንዲረሳው ማድረግ አለብህ። የምትነሣበትን ሰዓት ግን አትለውጥ፣ እሑድም ቢሆን። ተነሥተህ ስትቀመጥ ደግሞ የምታደርገው ነገር ልስጥህ። ከጦርነት ሸሽተው ኡጋንዳ፣ ራይኖ ሰፈራ የገቡ የደቡብ ሱዳን ሴቶችን ታውቃለህ?

ሹፌሩ፦ እሰማለሁ። ጎረቤቶቻችንም እዚያ ዘመድ አላቸው።

ሲስተር፦ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የጭንቀት መቋቋሚያ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2017 ከእነሱ ጋር ሞክረውታል። 694 ሴቶች ናቸው በጥናቱ የገቡት። ከሃያ እስከ ሠላሳ እየሆኑ፣ በጁባ ዓረብኛ የተቀዳ ድምፅ ያዳምጣሉ፤ አምስት ጊዜ ብቻ። ከሦስት ወር በኋላ ሲታዩ ትምህርቱን የወሰዱት ጭንቀታቸው ካልወሰዱት ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ከትምህርቱ አንዱ እንዲህ ነው፤ አሁን አብረን እናድርገው። ጫማህን አውልቅ። እግርህን መሬት ላይ ጫን። በቀስታ ተንፍስ። አሁን ምን ይሰማሃል?

ሹፌሩ፦ ... አሸዋው። ገና ይሞቃል።

ሲስተር፦ ምን ትሰማለህ?

ሹፌሩ፦ የጎረቤት ጄኔሬተር። ቁራ። ልጆች ኳስ ሲመቱ።

ሲስተር፦ ሐሳብህስ?

ሹፌሩ፦ አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ ነው ያለው።

ሲስተር፦ በቃ። እንዲጠፋ አልጠየቅንህም። ወጀቡ እያለ እግርህ መሬት እንዲይዝ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፤ እነዚያ ሴቶች ሁሉን ያጡ ናቸው። ቤታቸውን ማንም አልመለሰላቸውም። ቢሆንም እረፍት ይገባቸው ነበር። አንዳንዱ ሰው «አገሬ እየተቃጠለች እንዴት እተኛለሁ» ይላል። መተኛት መርሳት አይደለም ልጄ። አንተ ብትተኛ አንድም ሰው አይጎዳም፤ ባትተኛ ግን ሐሙስ ዕለት የሆነውን አይተሃል።

ሹፌሩ፦ እውነትዎን ነው።

ሲስተር፦ ሦስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንዲህ ከቀጠለ፣ ወይም ቅዠት እየቀሰቀሰህ መኖር ካስጠላህ፣ በዚያው ቀን ወደ እኔ ና፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። የማታ ሥርዓት ብዙ ይጠግናል፣ ሁሉን አይጠግንም። አሁን ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሹፌሩ፦ የእናቴን ስልክ።

*

ከአራት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ማንጎ ሥር።

ሲስተር፦ ዓይንህ ነጭ ሆኗል።

ሹፌሩ፦ ሁሉም ሌሊት አይደለም ሲስተር። ማክሰኞ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሰምቼ እስከ 7 ሰዓት ተቀምጬ ነበር። ብዙውን ቀን ግን ከ4 ሰዓት በፊት ይወስደኛል። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስነሣ ማለዳ የሚባለውን ነገር እንደ አዲስ አየሁት። ያቺን ሻይ ሻጭም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ጠዋት ስለነበር ጠጣሁት።

ሲስተር፦ እሰይ። ከሁሉ የቱ ጠቀመህ?

ሹፌሩ፦ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩ ብቻ ነበር። በጊዜ ስደውል ጊዜ ተረፈኝ፤ ጊዜ ሲተርፈኝ ደብተሩን ጻፍኩ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ውሃውን ለብ አድርጌ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ እግሬን ሳፋ ውስጥ ከትቼ ከእናቴ ጋር አወራለሁ። መሐል ላይ ዝም አለች። «የምሰማው የውሃ ድምፅ ምንድን ነው?» አለችኝ። «እግሬን እየታጠብኩ ነው እማ» አልኳት። «ማን አጠበህ?» አለች። «ራሴ» አልኳት።

ሲስተር፦ ምን አሉ?

ሹፌሩ፦ አባቴ ካረፈ ወዲህ ማታ ውሃ አሙቃ አታውቅም ነበር። «ቆይ፣ እኔም ላሙቅ» ብላ ስልኩን ሳትዘጋው ተነሣች። የማሰሮው ክዳን ሲነሣ፣ ውሃው ሲገለበጥ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ሁለታችንም ብዙም አላወራንም።